የቤተሰብ ስም ከወዴት ይመጣል? የአንድ እንግሊዛዊ ስም ታሪክና የእኛ ልማድ

በቱሉ ዲምቱ የጋራ መኖሪያ ቤቶች የሚኖሩ እናቶች የልጆቻቸውን ጉዳይ ለማስፈጸም ወደ ጽሕፈት ቤት ብቅ ባሉ ቁጥር፣ በተለይም ጉዳዩ ከውጭ አገር ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ የማያመልጡት አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም በቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ብዕር አንሥቶ ለመሙላት ሲሞከር ብዙዎቻችን እንቆማለን። የአባት ስም ይጻፍ ወይስ የአያት? ለእናትየዋስ የማን ይሆናል?

ነገሩን በምሳሌ እንመልከተው። ወይዘሮ አልማዝ ተሰማ አቶ ከበደ ወልዴን አግብታ ሰላምና ዳዊት የሚባሉ ልጆች ወለደች እንበል። በእኛ አጠራር እናት አልማዝ ተሰማ፣ አባት ከበደ ወልዴ፣ ልጆቹ ሰላም ከበደና ዳዊት ከበደ ናቸው። በአገራችን ይኽን የሚሰማ ማንም ሰው አይደናገርም። እነዚህ አራት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ እንጀራ የሚቆርሱ አንድ ቤተሰብ መሆናቸውን ለመረዳት ጥቂት ቃል ይበቃል። የውጭ አገር ጸሐፊ ግን የመጨረሻውን ቃል የቤተሰብ ስም አድርጎ ስለሚያነብ፣ ከፊቱ የቆሙት አራት ሰዎች የተሰማ፣ የወልዴና የከበደ ቤተሰብ ሆነው ይታዩታል። «ይህች ሴት የልጆቹ እናት ለመሆኗ ምን ማስረጃ አላት?» ብሎ ቢጠይቅ የሚያስቀይም ቢሆንም፣ ከእርሱ አገር ልማድ ተነሥቶ ስለሚያስብ ነው።

ለመሆኑ የእነዚያ ሰዎች የቤተሰብ ስም ራሱ ከወዴት መጣ? ይኽን ለመረዳት በአገራችን ታሪክ ውስጥ የገባ አንድ ያልተለመደ የእንግሊዝ ስም ብንከተል ብዙ ነገር ይገለጥልናል። ስሙ ፕላውደን ነው።

የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የተማረ ሁሉ ዋልተር ፕላውደንን ያስታውሳል። ወጣት ሳለ በሕንድ አገር ካልካታ ሲሠራ ቆይቶ ወደ አገሩ በሚመለስበት ጊዜ ስዊዝ ላይ ጆን ቤል ከሚባል የአገሩ ሰው ጋር ተገናኘና ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ1843 ወደ ኢትዮጵያ መጡ። እ.ኤ.አ. በ1848 ፕላውደን የእንግሊዝ መንግሥት ቆንስል ሆኖ ተሾመ፤ በተከታዩም ዓመት ከራስ ዓሊ ጋር የንግድና የወዳጅነት ውል ተፈራረመ። ራስ ዓሊ ተሸንፈው ዐፄ ቴዎድሮስ ከነገሡ በኋላ የንጉሡ ወዳጅ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1860፣ ማለትም በ1852 ዓ.ም.፣ ወደ ምፅዋ ለመሄድ ጉዞ እንደ ጀመረ ከጎንደር አቅራቢያ የንጉሡ ተቃዋሚ በሆነው በገረድ ሰዎች ተጠቅቶ ቆሰለ፤ ተማረከም። የማስለቀቂያ ብር ተከፍሎለት ቢለቀቅም ከቁስሉ ሳይድን ጎንደር ላይ ሞተ። በእርሱ ቦታ የተተካው ካሜሮን ነው፤ የካሜሮን መታሰር ምን እንዳስከተለና መቅደላ ላይ ምን እንደ ደረሰ ሁሉም ያውቀዋል። የፕላውደን የጉዞ ማስታወሻም እ.ኤ.አ. በ1868 በወንድሙ አማካይነት ታትሟል።

እንግዲህ «ፕላውደን» የሚለው ቃል ለእንግሊዝኛ አንባቢ መጀመሪያ ማረሻን ያስታውሰዋል፤ ድምፁ ተመሳሳይ ነውና። የዚህ ቤተሰብ አባቶች አራሾች ነበሩ ብሎ መገመትም ቀላል ነው። የቦታ ስሞችን የሚያጠኑ ሊቃውንት ግን ግምቱን አይቀበሉም። እነርሱ እንደሚያስረዱት ቃሉ ከጥንታዊው እንግሊዝኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ «የጨዋታ ሸለቆ» ማለት ነው። ሰዎች ለጨዋታና ለውድድር የሚሰበሰቡበት ሸለቆ እንደ ማለት ነው። ቦታው ዛሬም አለ። በምዕራብ እንግሊዝ፣ ከዌልስ ድንበር አጠገብ፣ ሽሮፕሺር በሚባለው አውራጃ፣ ሊድበሪ ኖርዝ በሚባል አጥቢያ የሚገኝ ትንሽ መንደር ነው። በዚያ ይኖር የነበረ ቤተሰብ በቦታው ስም ተጠራ፤ ስሙም ከአባት ወደ ልጅ እየተላለፈ ቀረ። ከዚህ ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1518 እስከ 1585 የኖረው ኤድመንድ ፕላውደን በንግሥት ኤልሳቤጥ ቀዳማዊት ዘመን የታወቀ የሕግ ሊቅ ነበር።

በእንግሊዝ አገር ሰው ሁሉ ሁልጊዜ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። ኖርማኖች እ.ኤ.አ. በ1066 አገሩን ከመያዛቸው በፊት አብዛኛው ሰው በአንድ ስም ብቻ ይጠራ ነበር። በኋላ መሬት የሚወርስ፣ ግብር የሚከፍል፣ ፍርድ ቤት የሚቆም ሰው ከሌላው መለየት ስላስፈለገው ተጨማሪ ስም እየተለመደ ሄደ፤ እስከ አሥራ አምስተኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማም በአብዛኛው ሕዝብ ዘንድ የሚወረስ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1538 ደግሞ የየአጥቢያው ካህን ጥምቀትን፣ ጋብቻንና ቀብርን በመዝገብ እንዲጽፍ ታዘዘ። ስም በመዝገብ ሲሰፍር እንደ ልብ መለዋወጡን ያቆማል።

የስሞቹም ምንጭ እኛ ከምናውቀው ብዙ የራቀ አይደለም። አንጥረኛው በሥራው «ስሚዝ» ተባለ። የጆን ልጅ «ጆንሰን» ሆነ። አንዳንዱ በመልኩ ወይም በጠባዩ ቅጽል ወጣለት። ሌላው በተወለደበት ወይም በተቀመጠበት ቦታ ተጠራ። አንጥረኛ በየመንደሩ ስላለ ስሚዝ በየቦታው በዛ። ከአንዲት ትንሽ መንደር የተነሣ እንደ ፕላውደን ያለ ስም ግን ከጥቂት ቤተሰብ አያልፍም። ስሙ የሚተላለፈው በወንድ ልጅ በኩል በመሆኑም ወንድ ልጅ ያልተወለደበት ቤት ስም በዚያው ይጠፋል። ሴት ልጆቹ አግብተው፣ ወልደው፣ ዘራቸው ቢቀጥልም ስሙ ግን አይቀጥልም። ያልተለመዱ የእንግሊዝ ስሞች አንዱ መጥፊያቸው ይኸው ነው።

ይኽ ነገር በቱሉ ዲምቱ ሲታይ ደግሞ ሌላ መልክ አለው። «ቱሉ ዲምቱ» በኦሮምኛ «ቀይ ኮረብታ» ማለት መሆኑን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በባሌም 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ተራራ ይኽንኑ ስም ይዟል፤ ቀይ ኮረብታ ባለበት ሁሉ ሰው ያንኑ ስም ቢሰጥ አያስገርምም። ወደ አዳማ የሚወስደውን የፈጣን መንገድ የክፍያ ጣቢያ ሳንደርስ ከአጠገባችን ያለው ገላን ግን በኮረብታ ወይም በወንዝ አይደለም የተሰየመው። ገላን የቱለማ ኦሮሞ የጎሣ ስም ነው። እንግሊዛዊው ቤተሰብ ስሙን ከመሬቱ ወሰደ፤ እዚህ ግን መሬቱ ስሙን ከቤተሰቡ ወሰደ። ስሙን በየሰዉ ላይ መለጠፍ ሳያስፈልግ የጎሣው አባል ማንነቱን የሚያውቀው የትውልድ ሐረጉን ቆጥሮ ነው። የኦሮሞ ልጅ እስከ አሥርና ከዚያም በላይ አባቶቹን እንዲቆጥር ይማራል። በአማራውም ሆነ በሌላው ዘንድ እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የተለመደው በከንቱ አይደለም፤ ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ ነው። የ1992 ዓ.ም. የቤተሰብ ሕግ ወደ ጎን በሚቆጠር ሥጋ ዝምድና የሚከለክለው ወንድም ከእህቱ፣ ወይም አጎትና አክስት ከወንድም ወይም ከእህት ልጅ ጋር እንዳይጋቡ ሲሆን፣ ልማዳችን ግን ከሕጉ እጅግ ርቆ ይሄዳል። ስለዚህ በእኛ ዘንድ የቤተሰብ ስም የለም ሲባል ቤተሰብ አይታወቅም ማለት እንዳልሆነ መረዳት ይገባል። የነርሱ ቤተሰብ ባንድ ቃል ሲታወቅ የእኛ በአያቶች ረድፍ ይታወቃል።

አሁን ወደ ሴቶች ጉዳይ እንመለስ። ፕላውደን የሚለው ስም በእንግሊዝ ትምህርት ታሪክ የሚነሣው በቆንስሉ ምክንያት አይደለም፤ በአንዲት ሴት ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 መንግሥት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን የሚመረምር ጉባኤ ሲያቋቁም ወይዘሮ ብሪጀት ፕላውደንን ሊቀ መንበር አደረገ። ጉባኤው ያቀረበው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1967 ታትሞ «የፕላውደን ሪፖርት» በመባል በዓለም ታወቀ። በድኾች ሰፈር ያሉ ትምህርት ቤቶች የተለየ እርዳታ እንዲያገኙ፣ የሕፃናት ማቆያና መዋዕለ ሕፃናት እንዲስፋፉ፣ በአንደኛ ደረጃ ልጆችን መግረፍ እንዲቀር አሳስቧል። ለእኛ ለእናቶች ዛሬም ቢሆን ባዕድ የሆነ ሐሳብ አይደለም። ነገር ግን ይህች ሴት ፕላውደን ሆና አልተወለደችም። አባቷ አድሚራል ሪችመንድ ይባሉ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1933 ስታገባ የባሏን ስም ያዘች፤ በራሷ ዕውቀትና ድካም ያገኘችው ክብርም በባሏ አባቶች ስም ተመዘገበ። እንዲህ ያለው በእንግሊዝ አገር ሕግ ያስገደደው ሳይሆን ልማድ ነው። ልማድ ግን ብዙ ጊዜ ከሕግ ይበረታል።

የኢትዮጵያ ሴት በዚህ ረገድ የታደለች ናት ማለት ይቻላል። ብታገባም፣ ብትፈታም፣ ባሏ ቢሞትም የአባቷን ስም ይዛ ትኖራለች። አልማዝ ተሰማ ከበደን ብታገባ አልማዝ ከበደ አትሆንም። የአይስላንድ ሴቶችም እንደዚሁ ናቸው፤ እነርሱም «የእገሌ ልጅ» እየተባሉ ይኖራሉ እንጂ በጋብቻ ስም አይለውጡም። ነገር ግን ልማዳችን ሙሉ በሙሉ ንጹሕ ነው ብሎ ማመስገንም አይገባም። በብዙ የገጠር አካባቢዎች ሙሽራ አማቷ ቤት ስትገባ የቤት ስም ይወጣላት ነበር። እናትና አባት ያወጡላት ስም ለቤተ ዘመዶቿ ቀርቶ እርስዋ በአዲሱ ስም ትጠራለች። ልጅ ስትወልድ ደግሞ «የእገሌ እናት» ትሆናለች። በሰፈራችንም ለብዙ ዓመታት የምናውቃትን ጎረቤት በልጇ ስም ብቻ የምንጠራ፣ ስሟን ብንጠየቅ የምንደናገር ጥቂቶች አይደለንም። በእድርና በእቁብ መዝገብም ላይ ከባል ስም ሥር የሚጻፉ ሴቶች አሉ።

ከሁሉ በላይ መታሰብ ያለበት ሌላ ነገር አለ። የእኛ አቆጣጠር አባቶችን ብቻ ይቆጥራል። ሰባት አባቶቹን አንድ በአንድ የሚጠራ ሰው የአባቱን እናት ስም ይጠየቅ። ብዙውን ጊዜ ዝም ይላል። እንግሊዛዊቱ ሴት በጋብቻዋ ቀን ስሟን ታጣለች፤ የእኛይቱ ግን በሕይወቷ ሙሉ ይዛው ኖራ በልጅ ልጆቿ ዘመን ታጣዋለች። የትኛው ይሻላል ብሎ መከራከር የሚወድ ይከራከር፤ እናቶች ግን ሁለቱንም ማስተዋል ይጠቅማቸዋል።

ከፕላውደን ጋር የመጣው የጆን ቤል ታሪክ እዚህ ላይ መነሣት ይገባዋል። ቤል ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘንድ ሊቀ መኳስነት ተሹሞ፣ ኢትዮጵያዊት አግብቶ፣ በአገሩ ልማድ ኖሮ በውጊያ ሞቷል። ሕዝቡ ያወቀው በቤተሰቡ ስም ሳይሆን «ሊቀ መኳስ ዮሐንስ» እያለ ነው። ጆን የእርሱ፣ ቤል የአባቶቹ ስም ነበር፤ ኢትዮጵያ የእርሱን ይዛ የአባቶቹን አስቀረች። ልጁ ደግሞ ጋፋት የነበረውን ሚስዮናዊ ዋልድማየርን አገባች። በአውሮፓውያን መጻሕፍት ከዚያ በኋላ የምትጠራው በባሏ ስም ነው። ባንድ ቤት ውስጥ አባት በኢትዮጵያ ልማድ፣ ልጅ በአውሮፓ ልማድ ስማቸውን ለወጡ ማለት ነው።

የቤተሰብን ስም በአገራችን በሕግ ለማስገባት ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ረቂቁን ያዘጋጁት ሬኔ ዳቪድ የሚባሉ የፈረንሳይ የሕግ ሊቅ ነበሩ። በሕጉ አንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተ ዘመድ ስም፣ የራሱ ስምና የአባት ስም እንዲኖረው ተደንግጓል። ያገባች ሴት የራሷን የቤተ ዘመድ ስም እንደያዘች ትቆያለች ይላል፤ አባቱ ያልታወቀ ልጅ ደግሞ የእናቱን የቤተ ዘመድ ስም እንዲይዝ ይፈቅዳል። ሕጉ ተጻፈ፤ ሕዝቡ ግን በነበረበት ቀጠለ። ስምን የሚያጸናው መዝገብ ስለሆነ፣ መዝገቡ በሌለበት ድንጋጌው ብቻውን ሥር ሊይዝ አልቻለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ የወጣው በ2004 ዓ.ም. ሲሆን ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ክረምት ነው። እንግሊዞች በ1538 የጀመሩትን እኛ ገና መጀመራችን ነው።

ስለዚህ ዛሬ በወረዳው ጽሕፈት ቤት ወረፋ የምትጠብቅ እናት የምትሠራው ሥራ ቀላል አይደለም። ልጇ የሚጻፍበት ወረቀት ለዕድሜ ልኩ ይከተለዋል። ልደት በ90 ቀናት ውስጥ መመዝገብ እንዳለበት ሕጉ ያዝዛል፤ ክትባት ለማስጀመር ስትወጡ አብራችሁ ብታስቡት ጊዜው አያልፍባችሁም። በቅጹ ላይ የእናት ስም የሚጻፍበት ቦታ አለ። አንዳንድ እናቶች «አልማዝ» ብለው በአንድ ቃል ያልፉታል። ይኽ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ከነአባታችሁና ከነአያታችሁ ስም ተሟልቶ ይጻፍ። በውጭ አገር ድንበር ላይ የእናትየዋ ስም ከልጁ ጋር ባይመሳሰልም እናትነቷን የሚመሰክርላት ይኸው መስመር ነው።

ሁለተኛው ጥንቃቄ በላቲን ፊደል አጻጻፍ ላይ ነው። ጸጋዬ የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። በአማርኛ አንድ የሆኑት ወንድምና እህት በላቲን ሲጻፉ የሁለት አባት ልጆች ይመስላሉ። የትምህርት ቤቱ ማስረጃ፣ የልደቱ ወረቀትና ፓስፖርቱ ሳይስማሙ ቀርተው የትምህርት ዕድል ያመለጣቸው፣ በማስተካከያ ጉዳይ ፍርድ ቤት የተመላለሱ ወጣቶች አሉ። መፍትሔው ከባድ አይደለም። በቤት ውስጥ የመጀመሪያው ልጅ ስም እንዴት እንደ ተጻፈ ወረቀት ላይ አስፍሮ ማስቀመጥና ለሚቀጥሉትም በዚያው መልክ ማስጻፍ ነው። ከመፈረማችሁም በፊት ጸሐፊው የጻፈውን ፊደል በፊደል አንብቡ። ማንበብ የማይችሉ እናቶች ፊደል የቆጠረ ልጅ ወይም ጎረቤት ይዘው ቢሄዱ ነውር የለበትም።

አባት ልጁን አልቀበልም ያለባቸው እናቶችም ይኽን ዓምድ እንደሚያነቡ እናውቃለን። የአቃቂና የቃሊቲ ፋብሪካ ሠራተኞች መካከል ብቻቸውን የሚያሳድጉ ብዙ ናቸው። ልጁ በእናቱ አባት ስም ሲጠራ ጎረቤት «እናትና ልጅ እንዴት አንድ አባት ኖራቸው?» ብሎ ያሽሟጥጣል። አሽሙሩ የጎረቤቱ ጉድለት እንጂ የእናቲቱ አይደለም። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ማንኛውም ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው፣ ከጋብቻ ውጭ የተወለዱ ልጆችም ከሌሎቹ እኩል መሆናቸውን ደንግጓል። በዚህ ምክንያት ምዝገባውን የምታዘገይ እናት ልጇን በትምህርት ቤት በር ላይ ታስቸግረዋለች። የአያት ስም የተከበረ ስም ነው። በውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያንም ቢሆኑ የቤተሰብ ስም አምጡ ሲባሉ ብዙዎቹ የመዘገቡት የአያታቸውን ነው። ዛሬ በዋሽንግተንና በለንደን በልጅ ልጆች ላይ የቤተሰብ ስም ሆነው የቀሩ፣ ባለቤቶቻቸው በሕይወት ሳሉ ይኽ ይሆናል ብለው ያላሰቡት የመንዝ፣ የጎጃምና የአርሲ ገበሬዎች ስሞች አሉ።

በሚቀጥለው ሰንበት ጊዜ ያላችሁ ደግሞ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ወደ እናታችሁ ወይም ወደ አማታችሁ ብትሄዱ፣ ቡናው እስኪፈላ ድረስ ብዙ ይሠራል። መጀመሪያ የእርሳቸውን ሙሉ ስም፣ ቀጥሎ የእናታቸውን፣ ከዚያ የእናታቸውን እናት ጠይቁ። የክርስትናውንም የቤቱንም ስም፣ የተወለዱበትንም ቀበሌ ጻፉ። በዕድሜ የገፉ ወይዛዝርት ስለ አባቶቻቸው ሲጠየቁ ፈጥነው ይመልሳሉ፤ ስለ አያታቸው ስለ ሴቲቱ ሲጠየቁ ግን መጀመሪያ ዝም ይላሉ፣ ቀጥሎ «እስቲ ቆይ» ይላሉ፣ ከዚያም ስሙ ይመጣል። እርሱኑ ሳይረሳ ከነቀኑ ጻፉት።